የራስ በር

ከመርካቶው ሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ደላሎች ይውላሉ። ቤት ፈላጊ መጥቶ ሲቀመጥ ስንት ክፍል እንደሆነ አይጠይቅም። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነም አይጠይቅም። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል የሚለው እንኳ ሁለተኛው ማኪያቶ ሲታዘዝ የሚነሳ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «በሩ የብቻው ነው?»

ደላላው ይህችን ሲጠብቅ ነው የቆየው። ወንበሩን ጠጋ ያደርግና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግቢው ገለልተኛ ነው» ይላል። «አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጆችህ። ከዚያ ወዲያ አንድዬ ብቻ።»

«አከራይስ?»

«አከራይ አሜሪካ ናቸው።»

የፈላጊው ፊት ይበራል። አከራይ አሜሪካ መሆናቸው ከሦስት መኝታ ቤት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ የሚወራው መርካቶ ተቀምጦ መሆኑ ነው የሚያስቀኝ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ሲቆጠር መርካቶ ያለበት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሰባት ካሬ ኪሎ ሜትር ከምናምን በሆነ መሬት ላይ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቶበታል። ብታካፍሉት ለአንድ ነፍስ 30 ካሬ አይሞላም። አሁን ከዚያ ላይ አውቶቡስ ተራን ቀንሱ። አንዋር መስጊድንና ራጉኤልን ቀንሱ። አዲስ ከተማ ትምህርት ቤትን ከነሜዳው ቀንሱ። ሸማ ተራን፣ ሸራ ተራን፣ ቦምብ ተራን፣ ምናለሽ ተራን ቀንሱ። አይሱዙ የሚያራግፍበትን፣ ተሸካሚ «ዞር በሉ!» እያለ የሚያልፍበትን ቀንሱ። ከዚያ የተረፈችው እኛ ያደግንባት ናት።

ያደግሁበት ግቢ አንድ በር፣ ሰባት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪና አንድ ሽንት ቤት ነበረው። መጀመሪያ ሲሠራ ግን ለአንድ ቤተሰብ ነበር። ከፊት ለፊት ባለቤቶቹ የሚኖሩበት ሰፋ ያለ ቤት፣ ከኋላ በመደዳ የሚከራዩ የጭቃ ክፍሎች። በጃንሆይ ዘመን ይህ ጡረታ ነበር፤ ደህና ሰው ልጆቹ ባይጦሩት ስድስቱ ክፍሎች ይጦሩታል።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣች። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የቤት መሥሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ እንዳይበልጥ ደነገገ። ወር ገብቶ ወር ሲወጣ ከመቶ ብር በታች ይከራዩ የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ሆኑ። አዋጁ ቤቱን ወሰደ እንጂ ግቢውን በግንብ አልከፈለም። ስለዚህ የፊት ለፊቱ ቤት ባለቤት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ማታ አከራይ ሆነው ተኝተው ጠዋት ከተከራዮቻቸው ጋር ለሽንት ቤት ተሰለፉ። ኪራዩ ወደ ቀበሌ ሄደ፤ በሩ፣ ቧንቧውና ቂሙ እዚያው ቀሩ።

እትዬ አዋጁን አንብበውት አያውቁም። ቢያነቡትም የሚቀበሉት አይመስለኝም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ የሚቀዳ ሰው ሲያዩ «ቧንቧዬን ቀስ!» ይላሉ። ልጅ በሩን ሲወረውረው «በሬን!» ይላሉ። የቀበሌ ተከራዩ ደግሞ፣ ወርኃዊ ኪራዩ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ያነሰ መሆኑን እያወቀ፣ «እሺ እትዬ» ብሎ ቀስ ያደርጋል። በዓል ሲሆን ከስድስቱም ቤት የመጀመሪያው ስኒ ቡና ወደ ፊት ለፊቱ ቤት ነው የሚሄደው። ከደርግም፣ ከደርግ በኋላ ከመጣውም ደንብ የኛ ግቢ ደንብ ጸና።

መብራት ሌላ ጉድ ነበር። የእንጀራ ምጣድ በተራ ነው፤ ሁለት ሴቶች ባንድ ጊዜ ከጣዱ ግቢው በሙሉ ይጨልማል። ሒሳብ ሲመጣ ጉባኤ ይጠራል። አምፖል ይቆጠራል። ቴሌቪዥን ያለው አንድ ድርሻ ይጨምራል፤ ፍሪጅ የገዛ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ በግቢው ላይ የክፋት መነሻ ተደርጎ ይታያል። ልጅ ስታጠና ያመሸችበት ቤት እንኳ «ለዶክተርነቷ እኛ ነን የምንከፍለው» ይባል ነበር። (ዶክተር ሆናለች። መክፈላችንን አታስታውስም።)

ቤቱ ወደ ጎን መስፋት ስለማይችል ወደ ላይ ያድጋል። ቆጥ ይሠራል። እናትና አባት ከታች፣ ወንዶች ልጆች ከላይ። አንድ ልጅ ጎረመሰ የሚባለው ጢም ሲያበቅል አልነበረም፤ ቆጡ ላይ ቀና ሲል አናቱ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ነበር። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከታች ያለው ከላይ ካለው ጋር መነጋገር ስለማይችል፣ ግቢያችን ሰላም የሚያገኘው ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ነው።

ግድግዳው ከቁም ሳጥን በር አይወፍርም። ሌሊት ሲያስነጥሰኝ ከሁለተኛው ቤት «ይማርህ» እባላለሁ፤ እኔም ከተኛሁበት «ያኑርልኝ» እላለሁ። አንዷ በርበሬ ስታምስ ስድስት ቤት ያስላል። የማን ቤት ሽሮ እንደሆነ፣ የማን ቤት ዶሮ እንደሆነ ሳይነገረን እናውቃለን። ስለዚህ ባልና ሚስት የሚጣሉበት ቦታ አልነበራቸውም። አንድ ባልና ሚስት ሲኒማው ገና ሲኒማ በነበረበት ዘመን፣ ኋላ ራስ ቴአትር ከመሆኑ በፊት ማለት ነው፣ ትኬት ቆርጠው ገብተው፣ የሕንድ ፊልም ዘፈን እስኪመጣ ጠብቀው፣ በዘፈኑ ተከልለው ይጣሉ እንደነበር በግቢያችን ይወራል። የሕንድ ፊልም ዘፈኑ ብዙ ስለሆነ ታርቀው ይወጣሉ ይባላል። ወሬው እውነት ከሆነ፣ ራስ ለትዳር ያደረገውን ብዙ ሽማግሌ አላደረገም።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ግቢ የወጣ ሰው የራሴ በር ቢል ማን ይፈርድበታል?

ከሰባቱ ቤት በአንዱ አንድ የሸራ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። ሱቃቸው እግር የማያስዘረጋ ነው፤ ግን የዚያች ሱቅ ቁልፍ ቢሸጥ የሚያወጣውን መርካቶን የማያውቅ ሰው ቢሰማ ያቃዠዋል። ያን ሁሉ ብር ቀን እየቆጠሩ ማታ ቆጥ ያለው ቤት ገብተው ይተኛሉ። የመርካቶ ሀብታም እንዲህ ነው፤ ገንዘቡ በሸቀጥ ላይ ይተኛል፣ ሰውየው ደግሞ በሸቀጡ ላይ። ከዕለታት አንድ ቀን ትልቁ ዕቁብ ወጣላቸውና በቤተል በኩል ግቢ ገዙ። ካርታ ያለው፣ ገለልተኛ፣ ባለ ሁለት ሰርቪስ።

ለምን እንደገዙ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ አንድ አልነበረም። ለባለቤታቸው «ጎመንሽን፣ ጤና አዳምሽን ትተክያለሽ» ብለዋቸዋል። ለልጆቹ ኳስ። ለመኪናው ማደሪያ፣ ምክንያቱም መርካቶ ያደረ መኪና መስታወቱ አብሮት አያድርም። ለእናታቸው ጸሐይ መሞቂያ። ለእኔ የነገሩኝ ግን ይለያል። ሲጋራቸውን አጥፍተው ዙሪያቸውን ገልመጥ አደረጉና፣ «አየህ፣ እናቴ አርጅታለች» አሉ። «እግዜር ያቆያት። ግን ነገ አንድ ነገር ብትሆን ድንኳኑን የት እጥላለሁ? እዚህ ሽንት ቤቱ ደጃፍ?»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ማንም ሰው ስለ ፀጥታ ብሎ ግቢ ቤት ይገዛል ብላችሁ ብትነግሩኝ አልሰማም። ሰው የብቻ ቤት የሚፈልገው ለብቻው ለመኖር አይደለም። ሰው የሚሰበስብበት፣ ሲሰበስብም ማንንም የማያስፈቅድበት ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ሰርግ አለ። ክርስትና አለ። ሰደቃ አለ። ዘመድ ከገጠር ለሕክምና ይመጣል። በግ ለፋሲካም ለአረፋም ይታሰራል። ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

ነገሩ የቆየ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከግቢ ነው የተወለደችው። በምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ካሠሩና ቤተ መንግሥቱ ከቆመ በኋላ መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተሰጣቸው። ራስ መኮንን፣ ራስ ተሰማ፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግቢያቸውን አጠሩ፤ ጭፍራቸውና አሽከራቸው ዙሪያውን ጎጆ ቀለሰ። ሰፈር የሚባለው ያ ነው። የመኳንንቱ ግቢ ታዲያ ለብቻ የተሠራ አልነበረም። ውስጡ ግብር ይበላል፣ ደጁ ላይ ደጅ ጠኚ ይቆማል። በሩ ላይ ሰው የማይጉላላበት መኳንንት ምን መኳንንት ነው? የዛሬው ሰውዬም 105 ካሬ አጥሮ ላሜራ በር ሲያቆም፣ በሆዱ ራስነት ነው የሚያምረው።

ጣሊያን ገብቶ ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደዚህ ወደ መርካቶ ሲያመጣው፣ መንገዱን እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ በካሬ ሲያሰምር፣ ይህ የግቢ ነገር አልታየውም። «የአገሬው ገበያ» ብሎ ለየ፤ አገሬው ገበያውን ተቀበለና በካሬዎቹ ውስጥ ግቢውን መልሶ አጠረ።

ኮንዶሚኒየምን ላማ አልፈልግም። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲጠራ ከኛ ግቢ ከእትዬ በቀር ሁሉም ተሰልፏል፤ እሳቸው ቤት አለዎት ተብለው ነው። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ሲመዘገብ ተመዝጋቢው ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ዕድሜውን ሙሉ የቀበሌ ቤት ሲያድስ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው 20 በመቶ ከፍሎ፣ 80 በመቶውን ከባንክ ወስዶ፣ በስሙ ቤት ሲያገኝ ማየት ትልቅ ነገር ነው። እህቴ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ደርሷታል። ሽንት ቤቱ ከውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቤቷን ስታስጎበኘን ሳሎኑን በጥድፊያ አልፋ፣ የሽንት ቤቱን በር ከፍታ፣ እንደ ሙዚየም አስጎብኚ ዝም ብላ ቆመች። እኛም ዝም ብለን አየን።

ችግሩ የመጣው በፋሲካ ዋዜማ ነው። በጉ ደረጃ አያውቅም። ሁለተኛው ፎቅ ድረስ በፍቅር ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። ባለቤቷ ተሸከመው። በጉም በረንዳ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ ለሦስት ብሎክ በዓሉን አበሠረ። ንድፉን ያወጡት ሰዎች አበሻን አያውቁም እንዳትሉ፤ ለየሕንጻዎቹ የሚታረድበት፣ የሚታጠብበትና የሚጋገርበት የጋራ ቤት አብረው ሠርተዋል፤ ኮሚናል ይባላል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ግን ኮሚናሉ ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል። በጉም የሚታረደው መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ልጆች ከበውት፣ አንዲት ነጭ ቪትዝ ደም እንዳይረጫት በሸራ ተሸፍና ነው። እህቴ ታዲያ «ሁሉ ነገር ደስ ይላል» ትላለች። «ሬሳ ብቻ ነው የማይመቸው።» ደረጃው መጠምዘዣ ላይ ጠባብ ነው።

አሜሪካ ያለው ያክስቴ ልጅ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ «ሲንግል ፋሚሊ ገዛሁ» ብሎ በቪዲዮ ደወለ። ሣሩን አሳየን፣ ጋራዡን አሳየን። እዚያ አገር ብዙ ከተሞች ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ ለአንድ ቤተሰብ ከሚሆን አንድ ቤት በቀር እንዳይሠራ ሕግ ይከለክላል፤ ሚኒያፖሊስ የሚባለው ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ይቅር ብሎ ሲወስን ወሬው አገር አዳርሷል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት የሚል ሕግ እኛም ነበረን፤ የኛው ትርፍ ካለው ለመውሰድ፣ የነሱ ደግሞ ደሀ ጎረቤት እንዳይመጣ ለማድረግ ነው የሠራው። ካሜራውን ወደ ታች ሲያዞረው ምድር ቤት ውስጥ ሦስት ፍራሽ አየሁ።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«ቤዝመንቱን ለልጆች አከራይቼዋለሁ። አዲስ ገብተው ነው። አንዱ የሲኒማ ራስ ልጅ ነው።»

«ሲንግል ፋሚሊ አላልከኝም?»

«ሞርጌጁ 30 ዓመት ነው፣ ወንድሜ።»

ወደ ጋሼ ልመለስ። በሩን በትእዛዝ ነው ያሠሩት። ላሜራ፣ ባለ ሁለት ተካፋች፣ በየተካፋቹ አንዳንድ አንበሳ። ብየዳው ላይ ትንሽ ስለተቻኮሉ የግራው አንበሳ ውሻ ይመስላል። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተከለ፤ ከስባሪው በላይ ሽቦ ተጠመጠመ፤ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጻፈ። ውሻው የመጣው ከጽሑፉ በኋላ ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ወጣ። ቆጣሪው የብቻቸው ሆነ። ባለቤታቸው ደስ ብሏቸው ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ ጣዱ፤ እንጀራው አስፈልጓቸው አልነበረም።

ቤት ምርቃቱ እሑድ ነበር። የሲኒማ ራስ ሰው በሁለት ቅጥቅጥ ተጭኖ ሄደ። በሩ ላይ «ቤት ለእንቦሳ!» ተባለ፤ «እንቦሳ እሰሩ!» ተመለሰ። እትዬ ግቢውን በዱላቸው እየለኩ ዞሩና፣ «እዚህ ጋ ስድስት ክፍል ያወጣ ነበር» አሉ። ከ1967 ወዲህ ስድስት የሚለው ቁጥር ከአፋቸው ጠፍቶ አያውቅም። ማታ ላይ ሰው ሁሉ በላ፣ ጠጣ፣ ቅጥቅጦቹ ወሰዱትና በሩ ተዘጋ።

ባለቤታቸው በኋላ እንደነገሩን ከዚያ ወዲያ ያለው ሌሊት የመከራ ነበር። ልጆቹን ዝምታው አላስተኛ አላቸው። ተሸካሚ አይጮህ፣ አዛንና ቅዳሴ አይፎካከር፣ ጎረቤት አያስል። ባለቤታቸው ሌሊት ሲያስነጥሳቸው ይጠብቃሉ፤ ማንም ይማርሽ አይልም። ጋሼ አጠገባቸው ተኝተው አይሰሙም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ የሚሠራው የግድግዳ ጎረቤት ስለነበር አልለመዱም። ወዲያ ማዶ ያለው ጎረቤት በበኩሉ የራሱ አንበሳ ያለበት በር አለው። ሁለቱ በሮች ሲተያዩ ይውላሉ፤ ባለቤቶቹ ግን ሲገናኙ በመኪና መስታወት ውስጥ ነቀነቅ ተባብለው ያልፋሉ።

ይህ ግን ብዙ አልቆየም። የጋሼ የወንድም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ደረሰውና ሰርቪሱን ያዘ። ዘበኛው መጣ፤ ዘበኛው ወንድሙን አመጣ። ሁለተኛው ሰርቪስ «ለአንድ ሰላማዊ ሰው» ተከራየ፤ ሰላማዊው ሰው አገባ። ባለቤታቸው የጎመኑን መደብ ለተከራይዋ አካፈሉ። ቧንቧው ደጅ ላይ ስለሆነ በጠዋት ሰልፍ ተጀመረ። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ በግቢው ውስጥ የማላውቀው ሕፃን ባልዲ ላይ ሲወጣ አየሁ፤ ከሳሎን በመስኮት የጋሼ ድምፅ መጣ፦

«ቧንቧዬን ቀስ!»

ጋሼ ራሳቸው ግን ሲኒማ ራስን አልለቀቁም። ሱቅ ስላለ ነው ይሉ ነበር፤ እሑድም ይመጣሉ። ዕድራቸውንም አልቀየሩም። የአዲሱ ሰፈር ዕድር ሁለት ጊዜ ሰው ልኮባቸው «እስቲ እናያለን» ብለው አሰናብተዋል። የመርካቶው ዕድር ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ከሁሉ በላይ ጥሩ ጥሩምባ ነፊ አለው። ሰው ዕድሩን እንዲህ በቀላል አይፈታም፤ ሚስቱን የፈታ አውቃለሁ፣ ዕድሩን የፈታ አላውቅም።

እናታቸው ያረፉት ክረምት ላይ፣ ሌሊት ነው። ጥሩምባው ሲኒማ ራስ ተነፋ። ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ አይሱዙ ላይ ተጫነ። አይሱዙው ግን በዝናቡ መንገድ ተዘግቶበት አየር ጤና ላይ ቆመ። ቤተል ላይ ደግሞ አስከሬን አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የሚቀመጡበት የለም። ያን ጊዜ ማዶ ያለው ጎረቤት፣ የመስታወቱ፣ ሳያንኳኳ ገባ። ኃይለኛ የተባለው ውሻ ሊጮህ ተነስቶ ነበር፤ ሰውየው ጫማውን አነሳበትና ተኛ። ግቢውን አይቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የአዲሱ ሰፈር ዕድር ድንኳን መጣ፤ አባል ላልሆነ ሰው። ሴቶቹ ከየቤታቸው እንጀራ በመሶብ ይዘው ገቡ። ስማቸውን የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም፤ ይሉኝታም የያዘው አልነበረም።

ረፋድ ላይ የመርካቶው አይሱዙ ደረሰ። አሁን ሁለት ድንኳን ሆነ። ሁለቱ ዕድሮች ማን የማንን አፍርሶ የማንን ይተክላል በሚለው ላይ ለቀስተኛ ፊት በሹክሹክታ ተከራከሩና፣ ሁለቱም ይተከል ተባለ። ግን በሩ እንቅፋት ሆነ። የመርካቶው ድንኳን ቋሚ ረጅም ስለሆነ በሩ ላይ አልታጠፍ አለ፤ የግራውን ተካፋች፣ ውሻ የሚመስለውን አንበሳ፣ ከማጠፊያው ነቅለው ግድግዳ ላይ አስደገፉት። ሰው ከመንገድ እስከ ሳሎን ሞላ። እትዬ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡና፣ ከለቅሶው መሀል ቀና ብለው ግቢውን ቃኝተው ለጎናቸው ላለችው ሴት፣ «ገለልተኛ ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አሏት።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ጋሼ አዲሱ ዕድር ውስጥ መግባታቸው ግድ ሆነ፤ የመርካቶውም አልተፈታም፣ ሁለት መዋጮ ይከፍላሉ። አዲሱ ዕድር ዕቃ ማስቀመጫ አልነበረውም። የጋሼ አንደኛው ሰርቪስ የሰላማዊው ሰው ቤተሰብ ሲለቅ ባዶ ነበርና ለድንኳኑ፣ ለብረት ድስቶቹና ለፕላስቲክ ወንበሮቹ ይሁን ተባለ። ኪራይ መጠየቅ ነውር ነው። አዲሱ ሰፈር ደግሞ አርጅቷል መሰለኝ ለቅሶ አያጣውም፤ ሰው በሌሊት ይመጣል፣ ያንኳኳል፣ ዘበኛው እንቅልፋም ነው።

በቀደም እሑድ አብረን ቡና ስንጠጣ የዕድሩ ሰብሳቢ መጣ። ተቀመጠ። የቤተሰቡን ደኅንነት ጠየቀ። ሁለተኛውን ስኒ ጨርሶ፦

«ጋሼ፣ ሌሊት እናንተን ከምንቀሰቅስ» አለ፣ «የበሩን ቁልፍ አንድ ቅጂ ብትሰጡን።»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ኪሳቸው ገብተው ቁልፉን አወጡና ለእኔ ሰጡኝ፤ መርካቶ ርካሽ ነው፣ ሲኒማ ራስ ጋ አስቀርጽ አሉኝ።

ስነሳ ሰብሳቢው እጄን ያዝ አደረገ። «ሦስት አስቀርጽ» አለኝ። «ጸሐፊውና ጥሩምባ ነፊውም ይፈልጋሉ።»